አርቪ (ተንቀሳቃሽ የመኪና ቤት) ውስጥ እየኖራችሁ ልብስ እንዴት ነው ምታጥቡት? ማሽን እንግዛ ወይስ ላውንድሮማት (በክፍያ ሚታጠብበት ቤት) ይሻላል?

ተጓዧ_ነርስ

ሰላም ቤቶች እንዴት ከረማችሁ። እኔ ትራቭል ነርስ ነኝ፣ ባለቤቴና ሁለት ልጆቼ አብረውኝ ናቸው፣ አፓርታማ ለቀን ፊፍዝ ዊል ትሬይለር (በፒክአፕ ሚጎተት ቤት) ውስጥ ከገባን ቆየን። ኮንትራቴ አብዛኛውን ጊዜ 13 ሳምንት ነው፣ ሲያልቅ ትሬይለሩን ጎትተን ወደ ሚቀጥለው ስቴት መሄድ ነው። ኑሮውን ወደነዋል ልጆቹም ለምደውታል፣ እስካሁን ያልፈታነው ነገር ቢኖር ልብስ ነው።

አሁን ምናደርገው በሳምንት አንዴ ላውንድሮማት ሄደን ሁሉንም ማጠብ ነው። ለአራት ሰው ከነአንሶላውና ፎጣው ከ30 እስከ 40 ዶላር ይፈጃል፣ ብሩ አንድ ነገር ሆኖ ያለችኝን የእረፍት ቀን ነው ሚበላብኝ፣ ሶስት የ12 ሰዓት ሺፍት ሰርቼ ወጥቼ ደግሞ ግማሽ ቀን ወንበር ላይ ቁጭ ብዬ ድራየር ሲሽከረከር ማየት ሰለቸኝ። ትሬይለሩ ሲመጣ ቁምሳጥኑ ውስጥ የማሽን መስመር ተሰርቶለት ነው፣ ውሃውም ፍሳሹም መብራቱም አለ፣ ማሽኑ ብቻ ነው የሌለው። ባለቤቴ ያንን ሚያጥብም ሚያደርቅም ኮምቦ ማሽን እንግዛ ይላል፣ እኔ ደግሞ ከሺ ዶላር በላይ አውጥተን ያለችንን ቁምሳጥን አጥተን ከዛ ማንጠቀምበት ቢሆንስ እላለሁ። ግሬይ ታንካችን (የእቃና የሻወር እጣቢ ሚጠራቀምበት) 40 ጋሎን ነው። የትሬይለሩ መብራት 50 አምፕ ነው ግን አንዳንድ ፓርክ ላይ 30 ብቻ ነው ምናገኘው።

ደግሞ የሆስፒታል ስክረብ (የስራ ልብስ) አለብኝ፣ ከልጆቹ ልብስ ጋር መቀላቀል አልፈልግም። እናቴ የላከችልን ሁለት ጋቢም አለ፣ ብርድ ልብሳችን እሱ ነው፣ የሰው ማሽን ውስጥ ልከተው ስለፈራሁ እስካሁን አልታጠበም። በዚህ ኑሮ ላይ ያላችሁ እስቲ እንዴት እንደምታደርጉ ንገሩኝ፣ ትራክ ምትነዱም ጭምር፣ እናንተ ከኛ በፊት ነው መንገድ ላይ የወጣችሁት።

18_ጎማ

ሰላም እህቴ፣ እኔ ትራክ ኦቨር ዘ ሮድ (ከስቴት ስቴት ረጅም መንገድ) ነው ምነዳው፣ ቤቴ ትራኩ ነው ማለት ይቻላል፣ የማውቀውን ላካፍልሽ። ትራክ ስቶፖቹ (ትራኮች ሚያርፉባቸው ማደያዎች)፣ ላቭስ፣ ፓይለት፣ ፍላይንግ ጄ፣ ቲኤ፣ ፔትሮ ብዙዎቹ ከሻወሩ ጎን ላውንድሪ ክፍል አላቸው፣ የትራክ መንጃ ፈቃድ ማንም አይጠይቅሽም ገብተሽ ማጠብ ነው። ሁሉም ቅርንጫፍ ላይ ግን የለም፣ አፑ ላይ ገብተሽ ላውንድሪ ያለው መሆኑን አይተሽ ሂጂ።

ሁለት ነገር ልብ በይ። ማሽኖቹ ጥቂት ናቸው፣ ስለዚህ ቅዳሜና እሁድ ባትሄጂ ይሻላል፣ 34 ሰዓት ሪሴት (ረጅሙን እረፍት) የሚወስደው ሹፌር ልብሱን ሚያጥበው ያኔ ነው። ማክሰኞ ረቡዕ ጠዋት ከሄድሽ ብዙ ጊዜ ክፍሉን ባዶ ነው ምታገኚው። ሁለተኛው፣ ይሄን አርቪ ያላችሁን ሁሉ ነው ምለምነው፣ ላውንድሪ ለመጠቀም ብላችሁ አርቪውን የትራክ ፓርኪንግ ላይ እንዳታቆሙት እባካችሁ። ሹፌሩ 11 ሰዓት ነድቶ በህግ የተፈቀደለት የ14 ሰዓት የስራ ጊዜ ሊያልቅበት ትንሽ ደቂቃ ሲቀረው መጥቶ ቦታ ካጣ ወይ ህግ ይጥሳል ወይ መንገድ ዳር ያድራል። ለአርቪ የተለየ ቦታ ያላቸው አሉ፣ አንዳንዱ ላቭስ እንደውም መብራትና ውሃ ያለው የአርቪ ማደሪያ አለው። ከሌለ ትሬይለሩን ፓርካችሁ ላይ ትታችሁ በፒክአፑ ብቻ ኑ።

ልብስ ከመክተትሽ በፊት ጭንቅላትሽን ወደ ማሽኑ አስገብተሽ አሽትቺው። ናፍጣ ናፍጣ የሚል ከሆነ ተይው፣ ከአንቺ በፊት የግሪስ ጨርቅ ታጥቦበታል። ከዛ የበሩን ጎማ ገለጥ አድርገሽ እጅሽን በእጥፋቱ ውስጥ ዙሪያውን አዙሪ፣ እስኪብርቶ፣ ብሎን፣ የልጆች ክሬዮን እዛ ውስጥ ነው ሚደበቀው። ድራየሩንም እንደዛው ፈትሺ፣ አንድ እስኪብርቶ ድራየር ውስጥ ከቀለጠ ያለው ልብስ በሙሉ አለቀለት።

ኳርተር (የ25 ሳንቲም ፍራንክ) ከባንክ በጥቅል ውሰጂ፣ አንዱ ጥቅል 40 ፍሬ ነው 10 ዶላር፣ መኪና ውስጥ ሁሌ ይኑርሽ። አሁን አሁን ብዙ ቦታ ካርድና አፕ ሆኗል፣ የራሳቸውን ካርድ ካስገዙሽ ግን የዛን ቀን ምታጥቢበትን ያህል ብቻ ሙዪ፣ የተረፈው ብር እዛው ከተማ ነው ሚቀረው አንቺ ደግሞ ተመልሰሽ አትመጪም።

ለቤተሰብ ግን ትራክ ስቶፕ ከስቴት ስቴት ስትሄዱ ለአንድ ሁለት እጥበት ነው እንጂ የሳምንቱን ልብስ ትልልቅ ፍሮንት ሎደር (ከፊት ሚከፈት ማሽን) ያለበት ላውንድሮማት ነው ሚያነሳልሽ። ሁሉንም በአንዴ በአራት ማሽን ከተሽ በሁለት ሰዓት ጨርሰሽ ትወጫለሽ፣ ትሬይለር ውስጥ ማሽን ቢኖርሽ አንድ ባንድ ነው ቀኑን ሙሉ። እኔ ብሆን ማሽን አልገዛም።

የአርቪ_ጠጋኙ

ስራዬ አርቪ መጠገን ነው፣ እንደዚህ አይነት ማሽን ብዙ ገጥሜያለሁ ብዙም አውጥቻለሁ። ከ18 ጎማ ጋር በግማሹ እስማማለሁ፣ በግማሹ አልስማማም።

ማሽኑን ከመምረጣችሁ በፊት ውሃው ወዴት እንደሚሄድ አስቡ። ኮምቦ ማሽን ለአንድ እጥበት ከ10 እስከ 15 ጋሎን ውሃ ይጠቀማል። 40 ጋሎን ታንክ ላይ ሶስት ጊዜ ካጠባችሁ ሞላ፣ የእቃውና የሻወሩ ውሃ ሳይቆጠር ማለት ነው። ታንኩ ሞልቶ ማሽኑ መድፋቱን ከቀጠለ ውሃው መውጫ ይፈልጋል፣ ዝቅ ያለው ቀዳዳ ደግሞ የሻወሩ ወለል ነው። ሰዎች ደውለው ሻወራችን ውስጥ ከታች አረፋ ያለው ጥቁርማ ውሃ እየፈለቀ ነው ቧንቧው ፈንድቷል ይሉኛል፣ ሄጄ ሳየው ምንም የፈነዳ ነገር የለም፣ ቫልቩ ተዘግቶ ታንኩ ሞልቶ ነው። ክብደቱም ቀላል አይደለም፣ 40 ጋሎን ውሃ ወደ 150 ኪሎ ይመዝናል፣ ያንን ይዞ መንገድ አይወጣም።

ስለዚህ ማሽን ማለት ፉል ሁክአፕ ላይ ለሚቆም ሰው ነው፣ ውሃ መብራትና ፍሳሽ ሶስቱም ባለበት። በየሶስት ቀኑ ቦታ ለሚቀይር ወይ በረሃ ላይ ለሚያድር ሰው ቁምሳጥን ውስጥ የተቀመጠ ከ60 ኪሎ በላይ ብረት ነው፣ ሌላ ጥቅም የለውም። እናንተ ግን 13 ሳምንት አንድ ቦታ ነው ምትቆሙት፣ ልጆች አሉ፣ መስመሩም ተሰርቶ ነው የመጣው፣ በኔ እይታ ይሄ ማሽን የተሰራው እንደናንተ ላለው ሰው ነው።

አጠቃቀሙ ላይ፣ ባጠባችሁ ቀን የግሬዩን ቫልቭ ክፈቱት፣ ስትጨርሱ ዝጉት። ብላኩን (የሽንት ቤቱን ታንክ) ግን መቼም ቢሆን ከፍታችሁ አትተዉት፣ ፈሳሹ ይሄድና ደረቁ እዛው ታንኩ ስር ይቆለላል፣ ከዛ በኋላ ማስለቀቁ ከባድ ስራ ነው። ብላኩን ልትደፉ ስትሉ ደግሞ የዛን ቀን እጥበት የግሬዩን ቫልቭ ዘግታችሁ አጠራቅሙት፣ መጀመሪያ ብላኩን ድፉ፣ ቀጥሎ ግሬዩን ስትለቁት የሳሙናው ውሃ ቱቦውን ጠራርጎ አጥቦት ይወጣል። ይሄን ካወቃችሁ የልብስ ውሃ ራሱ ይጠቅማል።

መብራቱ፣ 30 አምፕ ማለት 3600 ዋት ነው። ኮምቦው ሲያደርቅ ከ10 እስከ 12 አምፕ ይወስዳል፣ ኤሲው ብቻውን ከ13 እስከ 15፣ የውሃ ማሞቂያው በኤሌክትሪክ ከሆነ ሌላ 12 አካባቢ። ደምሩት በቃ፣ ብሬከሩ ይወርዳል። 30 አምፕ ፓርክ ላይ ስትሆኑ የውሃ ማሞቂያውን ወደ ጋዝ አዙሩት፣ ማድረቂያው እየሰራ ማይክሮዌቭ አትክፈቱ። 50 አምፕ ሁለት መስመር ስለሆነ ወደ 12000 ዋት ይደርሳል፣ እዛ ላይ ሁሉም አብሮ ይሰራል።

ምርጫው ላይ ቬንትለስና ቬንትድ (እርጥቡን አየር በግድግዳ ወደ ውጪ ሚያወጣው) ሚባል አለ። ቬንትለሱ ግድግዳ መቅደድ አይፈልግም፣ ግን ቀስ ብሎ ነው ሚያደርቀው፣ ደግሞ እንፋሎቱን ለማቀዝቀዝ ውሃ የሚጠቀሙ አሉ፣ እያደረቀም ታንካችሁን እየሞላ ነው ማለት ነው። የእናንተ ግድግዳ ላይ የአየር መውጫው ተሰርቶ ከመጣ ቬንትዱን ውሰዱ። የትኛውንም ብትገዙ ማጠብ ከሚችለው ግማሹን ያህል ነው በደንብ ማድረቅ ሚችለው፣ ሞልታችሁ ከተታችሁ ከአራት ሰዓት በኋላ የተጨማደደ እርጥብ ልብስ ነው ምታወጡት። አንድ ዙር ከነማድረቁ እንደ ልብሱ ከሁለት እስከ አራት ሰዓት ይፈጃል። ሳሙና ኤችኢ ሚለውን (አረፋው ትንሽ የሆነውን) ፈሳሹን፣ አንድ ወይ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ብቻ። የሀገር ቤት ልምዳችን አረፋ ካላየን የታጠበ አይመስለንም፣ እዚህ ማሽን ላይ ግን አረፋ ጠላት ነው፣ ፓምፑን ያፍናል ታንኩ ውስጥም ሴንሰሩ ላይ ይለጠፍና ባዶውን ታንክ ሙሉ ነው ይላችኋል።

ተጓዧ_ነርስ

ወንድሜ በጣም ነው ማመሰግነው፣ የታንኩን ነገር እንዲህ አድርጎ ያስረዳኝ ሰው አልነበረም። በየሶስት ቀኑ አይደለም ምንቀይረው፣ ግን በኮንትራት መሀል አንድ ወር እረፍት ወስደን ናሽናል ፓርኮቹን ማዞር እንፈልጋለን፣ ያኔ ሁክአፕ አይኖረንም። ያን ጊዜ እንዴት ይሆናል?

የኳርትዛይት_ጋሼ

ሰላም ለሁላችሁም። እኔና ባለቤቴ ጡረታ ከወጣን ወዲህ ክረምቱን አሪዞና ነው የምናሳልፈው፣ ኳርትዛይት አጠገብ ላ ፖሳ በሚባለው በረሃ ላይ። ከሴፕቴምበር 15 እስከ ኤፕሪል 15 በፈቃድ መቆም የሚቻልበት የመንግስት መሬት ነው፣ በየመቆሚያው መብራትም ቧንቧም የለም፣ ውሃ መቅጃና ታንክ መድፊያው ለሁሉም አንድ ላይ ነው። ማሽን የለንም፣ ፈልገንም አናውቅም፣ ልብሳችን ግን ንፁህ ነው።

አሰራሩ እንዲህ ነው ልጄ። ክዳኑ ጠብቆ የሚገጥም ባለ 5 ጋሎን ባልዲ ግዙ። ከግማሹ በታች ውሃ፣ ትንሽ ሳሙና፣ የውስጥ ልብሶችና ካልሲ፣ ቲሸርት፣ የልጆቹን ልብስ ክተቱና ክደኑት። ቦታ በምትቀይሩበት ቀን የሻወሩ ወለል ላይ አስቀምጡት እንዳይገለበጥም እሰሩት። መንገዱ ራሱ ያጥብላችኋል፣ በተለይ ጠጠር መንገድ ከሆነ ግማሽ ሰዓት ይበቃዋል፣ ደርሳችሁ ማለቅለቅ ብቻ ነው። ቆማችሁ ከሆነ ደግሞ የሽንት ቤት መግፊያ የሚመስል ለልብስ የተሰራ ፕላንጀር አለ፣ በሱ ለአስር ደቂቃ ያህል መምታት ነው፣ ከማሸት እጅን ያድናል።

ውሃ የሚያልቀው ማለቅለቁ ላይ ነው። ሁለት ሳፋ ይኑራችሁ፣ በመጀመሪያው አለቅልቃችሁ ወደ ሁለተኛው፣ የሁለተኛው ሳፋ ውሃ ንፁህ ስለሆነ ለሚቀጥለው መዘፍዘፊያ ይሆናል፣ የመጀመሪያውን ደግሞ ሽንት ቤት ድፉበት፣ ብላክ ታንክ ውሃ ሲያገኝ ነው ደህና የሚሆነው። እኛ በዚህ አይነት ጥቂት ጋሎን ውሃ ለሁለታችን የሳምንት ትንንሽ ልብስ ይበቃናል። ጂንስ፣ አንሶላና ፎጣ ግን በእጅ አንሞክርም፣ እሱን ይዘን ከተማ ላውንድሮማት እንሄዳለን፣ በእጅ ተጨምቆ የማይወጣለት ነገር ላይ ጉልበት መጨረስ አያስፈልግም።

ከማጠቢያ ማሽን ይልቅ ገንዘባችሁን በአንዲት ትንሽ ስፒን ድራየር ላይ አውሉት። ልብሱን በጣም በፍጥነት አሽከርክራ ውሃውን የምታወጣ ቀጥ ብላ የምትቆም እቃ ናት፣ ሙቀት ስለሌላት ትንሽ ኤሌክትሪክ ነው የምትፈልገው፣ ከሶላር ባትሪያችን ጋር ትሰራለች። ከስር ባለው ቧንቧዋ ሳፋ ስታደርጉ ከተጨመቀ ልብስ ውስጥ እንደገና ስንት ውሃ እንደሚወጣ ታያላችሁ። ከሷ የወጣ ቲሸርት አሪዞና ፀሐይ ላይ ቡና ተፈልቶ ሶስተኛው ሳይደርስ ይደርቃል።

የተራራ_ልጅ

ጋሼ እናመሰግናለን፣ ስፒን ድራየሯን ዛሬውኑ ነው ማዘው።

እህቴ ናሽናል ፓርክ ስላልሽ፣ ሁሉም ፓርክ አንድ አይደለም አስቀድመሽ እዪ። ግራንድ ካንየን ሳውዝ ሪም ላይ ማዘር ካምፕግራውንድ አጠገብ ላውንድሪና ሻወር አለ፣ ትሬይለር ቪሌጅም እዛው ጎኑ ነው ፉል ሁክአፕ አለው። የሎውስቶን ውስጥ ሁክአፕ ያለው ፊሺንግ ብሪጅ ብቻ ነው፣ ድብ ስላለ ድንኳንና የሸራ ግድግዳ ያለው ካምፐር አይፈቀድም፣ የእናንተ ትሬይለር ግን ይገባል፣ ላውንድሪም አለው። ግራንድ ቲተን ከሆነ ኮልተር ቤይ ላይ አለ። ዛየን ግን ፓርኩ ውስጥ ላውንድሪም ሻወርም የለም፣ በሩ ላይ ያለችው ስፕሪንግዴል ከተማ መውጣት አለባችሁ። ቴክሳስ ቢግ ቤንድ ምትሄዱ ከሆነ ሪዮ ግራንዴ ቪሌጅ ሱቁ ጋ አለ፣ ቢግ ቤንድ ሩቅ ስለሆነ እሱን ካሳለፋችሁ ሌላ ለማግኘት ብዙ ነው ምትነዱት። እኔ መንገድ ሳወጣ መጀመሪያ ላውንድሪ ያለበትን ቦታ ካርታ ላይ ምልክት አደርጋለሁ፣ ከዛ ነው ሌላውን ምሞላው፣ ለአራት ሰው ልብስ ከአስር ቀን በላይ ሚበቃ ቦታ ትሬይለር ላይ የለም።

ገመድ ማሰር ላይ ደግሞ የፓርኩን ህግ ጠይቂ፣ ብዙ የግል አርቪ ፓርኮች ውጪ ልብስ ማስጣት ይከለክላሉ፣ ናሽናል ፓርክ ደግሞ ዛፍ ላይ ማሰር የማይፈቀድበት አለ። እኛ ከኋላ መሰላሉ ላይ ሚንጠለጠል ታጣፊ ማስጫ ነው ያለን። ውስጥ ምታሰጪ ከሆነ የጣራውን ፋን ክፈቺና አንድ መስኮት ገርበብ አድርጊ፣ ፍሎሪዳና ሉዊዚያና አካባቢ ውስጥ የተሰጣ ልብስ ራሱም አይደርቅ ትሬይለሩንም ያረጥበዋል፣ ፍራሹን ከስር ገልበጥ አድርገሽ ስታዪው ሻጋታ ጀምሮታል። እና ደግሞ የተሰጣ ልብስ እያለ ውስጥ ቁሌት እንዳትጥጂ! በዛች ጠባብ ቤት ቀይ ሽንኩርትና በርበሬ ሲቁላላ እርጥብ ልብስ ሽታውን ጥብቅ አድርጎ ነው ሚይዘው፣ ሆስፒታል ሄደሽ ሰው ሁሉ ካንቺ ሚሸተው እሱ ነው። ወጡን ውጪ በኤሌክትሪክ ምድጃ መስራት ነው፣ ቁምሳጥኑም በሩ ተዘግቶ።

አዲስ_ገቢ

ጥያቄ አለኝ ይቅርታ ከርዕሱ ከወጣሁ። ወንዝ ዳር ካምፕ ስናደርግ እዛው ወንዙ ውስጥ ብናጥብስ? ሳሙናውን ባዮዲግሬደብል ሚለውን ገዝተን ማለቴ ነው፣ ሀገር ቤት እኮ ወንዝ ወርደን ነው ምናጥበው የነበረው።

የኳርትዛይት_ጋሼ

አይሆንም ልጄ፣ ወንዝ ውስጥ በምንም አይነት ሳሙና አይታጠብም። ባዮዲግሬደብል የሚለው አፈር ውስጥ ሲገባ በጊዜ ይበሰብሳል ለማለት ነው፣ ውሃ ውስጥ ላለው ነፍስ ደህና ነው ማለት አይደለም። እንዶድን ታውቀዋለህ አይደል፣ እናቶቻችን ነጠላና ጋቢ ያጠቡበት የነበረው የተፈጥሮ ሳሙና፣ ከሱ በላይ ተፈጥሯዊ ከየት ይመጣል። ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 እንደ ፈረንጆቹ አድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ ወንዙን ሲያይ ቢልሃርዚያ የሚያስተላልፉት ቀንድ አውጣዎች ሞተው አገኛቸው። እሱ ያንን ለሰው ጤና አዋለው፣ ከዶክተር ለገሰ ወልደዮሐንስ ጋር በ1989 ራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት ተሸልመውበታል፣ የምንኮራበት ስራ ነው። ግን አስበው፣ ያ የልብስ እጣቢ ነው ቀንድ አውጣውን የገደለው፣ እንዶድ ዓሳም ይገድላል። የሱቅ ሳሙና ደግሞ የራሱን ጉዳት ያመጣል።

ውሃውን በባልዲ ቀድተህ ከወንዙ ቢያንስ 200 ጫማ፣ ወደ 60 ሜትር ማለት ነው፣ ርቀህ እጠብ፣ እጣቢውን ታንክህ ውስጥ ክተተው። ናሽናል ፓርክ ውስጥ መሬት ላይ መድፋት ክልክል ነው፣ ሌላው ቦታ እንደሚያስተዳድረው አካል ይለያያልና ጠይቅ።

እማ_ጽጌ

ልጆቼ ስለ ጋቢው ማንም ስላልመለሰላት እኔ ልመልስ። ያደግኩት ሸማ ሰሪ ሰፈር ነው፣ አሁን አትላንታ ነኝ፣ የልጆቼን ጋቢ ሁሌ የማጥበው እዚሁ በማሽን ነው፣ አትፍሪ።

ጋቢ ፈትሉ የእጅ ከሆነ ሙቅ ውሃ ያኮማትረዋል፣ ቀዝቃዛ ወይ ለብ ያለ ይሁን። መሀሉ ላይ ምሰሶ ያለውን ከላይ የሚከፈተውን ማሽን ተይው፣ ምሰሶው ይጠመጥመውና ይጎትተዋል፣ ከፊት የሚከፈተውን ትልቁን ምረጪ፣ አንድ ጋቢ ለብቻው በትልቅ ማሽን። ዘርፍ ካለው ትራስ ልብስ ውስጥ ከተሽ አፉን ቋጥሪው። በረኪና በጭራሽ፣ ክሩን ይበላዋል ነጩንም ቢጫ ያደርገዋል። ጥበቡ ቀለም ያለው ከሆነ መጀመሪያ እርጥብ ነጭ ጨርቅ ጥለቱ ላይ ተጭነሽ እዪው፣ ቀለም ከለቀቀ ማሽን ውስጥ አይገባም፣ በእጅ ቶሎ ታጥቦ ቶሎ ይሰጣል፣ ተዘፍዝፎ አይቆይም።

አትጠምዝዢው፣ በማሽኑ ማሽከርከሪያ ውሃው ይወጣል። ድራየር ውስጥ በሙቀት አይገባ፣ ያለ ሙቀት በአየር ብቻ ለጥቂት ጊዜ ቢዞር ግን ደህና ነው፣ ያላላዋል። ከዛ ለሁለት ይዛችሁ አንቺ በአንድ በኩል ባልሽ በሌላ በኩል ጫፍ ጫፉን ይዛችሁ እየጎተታችሁ ዘርጉት፣ ገመድ ላይ አጥፋችሁ በሰፊው ስጡት፣ አንድ ቦታ ብቻ ከተንጠለጠለ ውሃው ወደታች ወርዶ ቅርፁን ያስረዝመዋል። ጋቢ አራት ድርብ ስለሆነ ላዩ ደረቀ ብለሽ አትጠፊው፣ መሀሉን በእጅሽ ጭብጥ አድርጊው፣ ቀዝቀዝ ካለሽ ገና ነው። እንደዛ ታጥፎ ሳጥን ውስጥ ከገባ ይሻግታል። ለዚህ ነው ደረቅ ሀገር ላይ ስትሆኑ ማጠቡ የሚሻለው፣ አሪዞና ኮሎራዶ ስትደርሱ እጠቡት።

ሊዮን_ያለሁት

አውሮፓ ሆነው ለሚያነቡ፣ ፈረንሳይ ውስጥ ብዙ ሱፐርማርኬቶች ፓርኪንግ ላይ ውጪ የተተከሉ ትልልቅ ማጠቢያ ማሽኖች አሉ፣ 8 ኪሎና 18 ኪሎ ሚይዙ ከነማድረቂያቸው። ሳሙናው ማሽኑ ውስጥ አለ፣ በካርድ ትከፍላለህ፣ እሱ ሲያጥብ አስቤዛህን ትገዛለህ። እኛ ካምፒንግ ካር (ሚነዳ አርቪ) ይዘን ስንዞር ከነሱ ሌላ አልፈለግንም። አሜሪካ እንደዚህ ያለ ካለ ባላውቅም እህታችን ጊዜ ነው የጨነቃት ብዬ ነው።

ተጓዧ_ነርስ

እማ እግዜር ይስጥልኝ፣ ለእናቴ ደውዬ ያሉኝን ስነግራት እሷም ልክ እንደዛ ነው አለችኝ። ጋሼ የባልዲው ነገር ልጆቼን አስደስቷቸዋል፣ ካልሲያቸውን እነሱ እንዲያጥቡ ወስነናል።

ከባለቤቴ ጋር ተነጋገርን፣ ማሽኑን እንገዛለን፣ ቬንት ያለውን፣ የአየር መውጫው ግድግዳው ላይ አለ አይተነዋል። በየቀኑ ማታ አንድ ትንሽ እጥበት እየተኛን ይጨርሳል፣ ሳምንቱን አናጠራቅምም። አንሶላ ፎጣና ብርድ ልብስ በወር ሁለቴ ላውንድሮማት። ስክረቡን ከስራ ስወጣ በለየሁት ከረጢት አድርጌ ለብቻው አጥበዋለሁ። አንድ የቀረኝ ጥያቄ፣ ቀጣዩ ኮንትራቴ ሚኒሶታ ነው፣ ከጃንዋሪ ጀምሮ። በዛ ብርድ ማሽኑ ይሰራል?

18_ጎማ

ሚኒሶታ ጃንዋሪ ላይ ትሬይለር ውስጥ? እህቴ በርቺ። ሚኒያፖሊስና ሴንት ፖል አካባቢ የኛ ሰው ብዙ ነው፣ ከባሰ የሰው ቤት ማሽን አታጪም።

የአርቪ_ጠጋኙ

ይሰራል፣ ግን አጠቃቀሙ ይቀየራል። ክረምት ላይ የግሬዩን ቫልቭ ከፍታችሁ እያጠባችሁ አትተዉት፣ ቀስ እያለ ሚወርደው ውሃ ቱቦው ውስጥ እየረጋ በረዶ ይሆንና ይደፍነዋል። ቫልቩ ተዘግቶ ይታጠባል፣ ታንኩ ሊሞላ ሲል ቀን ላይ ሞቅ ባለው ሰዓት በአንዴ ይደፋል፣ ብዙ ውሃ በአንዴ ሲወርድ ለመርጋት ጊዜ አያገኝም። ይሄ ማለት ማታ ተኝታችሁ ማጠቡ እዛ ላይ አይሆንም፣ ከመጀመራችሁ በፊት ታንኩ ስንት እንደቀረው እያያችሁ ቀን ነው ምታጥቡት። የውሃ መቅጃው ቱቦ በኤሌክትሪክ የሚሞቅ አይነት ይሁን፣ እሱን አሁን እዘዙት፣ ብርድ ሲገባ ከገበያ ይጠፋል። ታንኮቹ ስር ማሞቂያ ፓድ መኖሩንም እዩ፣ ከሌለ ከመሄዳችሁ በፊት አስገጥሙ።

የማሽኑ ቁምሳጥን የውጪ ግድግዳ ላይ ከሆነ በሩን ሌሊት ክፍት አድርጋችሁ እደሩ፣ የቤቱ ሙቀት ይግባለት፣ ፓምፑ ውስጥ ሁሌ ትንሽ ውሃ ይቀራል እሷ ከረጋች ፓምፑን ትሰነጥቀዋለች። ትሬይለሩን ትታችሁ ምትሄዱ ከሆነ ሮዙን የአርቪ አንቲፍሪዝ ከበሮው ውስጥ ጨምራችሁ ማስወጫውን ለጥቂት ሰከንድ አስነሱት፣ ፓምፑ ውስጥ እንዲገባ። የመኪናውን አረንጓዴውን እንዳትጠቀሙ፣ እሱ መርዝ ነው።

እና ማሽኑ ሲመጣ ከኋላው የማጓጓዣ ቦልቶች አሉ፣ እነሱን ሳትፈቱ እንዳታስነሱት። ቦልቶቹን ከፈታችሁ በኋላ በከረጢት አድርጋችሁ መመሪያው ላይ ቴፕ አድርጋችሁ አስቀምጡ። ከመግዛታችሁ በፊት የቁምሳጥኑን በር ስፋት ለኩ፣ የውስጡን ሳይሆን በሩን፣ ከትሬይለሩ መግቢያ በር እስከ ቁምሳጥኑ ያለውን ኮሪደርም። መለኪያውን ካወቃችሁ እዚሁ ፃፉልኝ የትኛው እንደሚገባ እነግራችኋለሁ።